ለመጫወት መጫወትና ለማሸነፍ መጫወት

የሰው ጠባይ በሥራው ጊዜ ብቻ ሳይሆን በዕረፍቱም ጊዜ ይገለጣል። እንዲያውም በሥራ ላይ ሳለ አለቃውን፥ ደመወዙንና ስሙን እያሰበ የሚጠነቀቅ ሰው፥ ለጨዋታ በተቀመጠ ጊዜ ጥንቃቄውን ይተወዋልና፥ የልቡ ነገር ያን ጊዜ ይታያል። ትዕግሥተኛ የተባለው ሲቈጣ፥ ለጋስ የተባለው ሲሰስት፥ እውነተኛ የተባለውም ስለ ጥቂት ነገር ሲያታልል የሚገኘው ብዙ ጊዜ በጨዋታ ላይ ነው። ስለዚህ «ይህማ ጨዋታ ብቻ ነው» ብሎ ነገሩን መናቅ፥ የሰውን ልብ ለማወቅ ከሚረዱት መንገዶች አንዱን መዝጋት ይሆናል።

ዛሬ የምንመረምረው ጥያቄ ይህ ነው። ሁለት ሰዎች በአንድ ገበታ ተቀምጠው፥ አንዱ ከባልንጀራው ጋር ጊዜውን በደስታ ለማሳለፍ፥ ሁለተኛው ግን ለማሸነፍ ቢጫወቱ፥ ከሁለቱ የቀና አሳብ ያለው ማን ነው? በደል ቢገኝስ በማን ላይ ይገኛል? ጥያቄው የቆየ ነው፤ የሯጭም፥ የትግል ሰውም፥ የሰንጠረዥ ተጫዋችም ጥያቄ ነው። ነገር ግን ሁሉን በአንድነት ከመናገር አንድ የታወቀ ምሳሌ ይዞ መናገር ይሻላልና፥ በዘመናችን በብዙ አገሮች የተስፋፋውን፥ ተጫዋቾች ካርታ እየገዙና እየተለዋወጡ የሚያከማቹበትን የካርታ ጨዋታ እንወስዳለን። በአሜሪካና በአውሮፓ የሚያድጉ ልጆቻችን ይህን ጨዋታ ከትምህርት ቤት ጓደኞቻቸው ዘንድ ያገኙታል፤ ወላጆችና የንስሐ አባቶችም ሳያውቁ ከሚፈርዱ አውቀው ቢመክሩ ይጠቅማል።

«ካርታ» ሲባል አብዛኛው ሰው ቁማርን ያስባል። ይህ ግን ከዚያ የተለየ ነው። በተለመደው የካርታ ጨዋታ ሁሉም የሚጫወቱት ከአንድ የ52 ካርታ ጥቅል ነው፤ በዚህ ግን እያንዳንዱ ሰው ከብዙ ሺህ ዓይነት ካርታ መካከል መርጦ ያዘጋጀውን የራሱን ጥቅል ይዞ ይመጣል። የዚህ ዓይነት ጨዋታ ሁሉ አባት ተብሎ የሚቈጠረው «ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ» ነው። ይህንንም ሪቻርድ ጋርፊልድ የተባለ አሜሪካዊ የሒሳብ ሊቅ አስቦት፥ «ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት» የተባለው ኩባንያ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1993 ዓ.ም. አወጣው፤ ከዚህ በታች የሚጠቀሱትም ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው። በ1996 ዓ.ም. ደግሞ በልጆች ዘንድ ይበልጥ የታወቀው «ፖኪሞን» በጃፓን ተከተለው።

በተለመደው የማጂክ ሥርዓት ተጫዋቹ ቢያንስ 60 ካርታ ይዞ ይቀርባል፤ «መሬት» ከሚባሉት መሠረታውያን ካርታዎች በቀር አንዱን ካርታ ከ4 በላይ አድርጎ ሊይዝ አይችልም፤ ሁለቱም ተጋጣሚዎች በ20 የሕይወት ነጥብ ይጀምራሉ፥ ነጥቡ ያለቀበትም ይሸነፋል። ካርታዎቹ ብዙውን ጊዜ ታሽገው ስለሚሸጡ፥ ገዢው ምን እንደ ደረሰው የሚያውቀው ከከፈተው በኋላ ነው፤ እምብዛም የማይገኝና ተፈላጊ የሆነው ካርታ ዋጋው ውድ ነው። እንግዲህ ጨዋታው ገና ሳይጀመር የገንዘብ ነገር በገበታው ላይ እንዳለ ልብ ማለት ይገባል።

የጨዋታው ስም «አስማት» ማለት ነው፤ ከሥዕሎቹም መካከል አጋንንት የተሣሉባቸው አሉ። ኩባንያው ራሱ ወቀሳን ፈርቶ ከ1995 ዓ.ም. ገደማ እስከ 2002 ዓ.ም. ድረስ አጋንንትን ከአዳዲስ ካርታዎች አስቀርቶ ነበር፤ ኋላ ግን መለሳቸው። ስለ ስሙና ስለ ሥዕሉ አባት ለልጁ የሚሰጠው ምክር ራሱን የቻለ ነገር ስለ ሆነ ለሌላ ጊዜ እንተወዋለን። አሁን የምንመለከተው በገበታው ዙሪያ የተቀመጡትን ሰዎች ልብ ነው።

በመጀመሪያው ዘመን በጨዋታው ደንብ ውስጥ መያዣ ነበረበት። እያንዳንዱ ተጫዋች ከጥቅሉ አንድ ካርታ ሳይመርጥ አውጥቶ ለብቻው ያኖራል፤ ያሸነፈውም የተሸናፊውን ካርታ የራሱ አድርጎ ይወስዳል። ይህ ብዙዎችን አላስደሰተም፤ ቁማርንም ይመስል ነበር። ስለዚህ መያዣን የሚመለከቱ ካርታዎች ከ1995 ዓ.ም. በኋላ አዲስ አልወጡም፤ በውድድርም ቦታ የተከለከሉ ሆኑ። ከዚህ የምንማረው አለ። ባልንጀራው ይዞት ከመጣው ጎድሎበት ወደ ቤቱ ሲመለስ የጨዋታው ደስታ እንደሚጠፋ፥ ተጫዋቾቹ ራሳቸው ተገንዝበዋል።

ከዚያ ወዲህ ጨዋታው በሁለት መንገድ አደገ። አንደኛው የውድድር መንገድ ነው። በ1996 ዓ.ም. በኒው ዮርክ «ፕሮ ቱር» የተባለ የገንዘብ ሽልማት ያለው የባለሙያዎች ውድድር ተጀመረ፤ ዳኞችም፥ ስለ ስሕተትና ስለ ቅጣት የሚናገር የተጻፈ ደንብም አሉት። ሁለተኛው የወዳጅነት መንገድ ነው፤ ከዚህም ዋነኛው ዛሬ «ኮማንደር» ይባላል። ይህ አጨዋወት በአላስካ በሚኖሩ ወዳጆች መካከል ተጀምሮ፥ በ2023 ዓ.ም. ባረፈው በዳኛው በሼልደን ሜነሪና በባልንጀሮቹ አማካይነት ተስፋፋ። በኮማንደር ጥቅሉ 100 ካርታ ነው፤ ከመሠረታዊው መሬት በቀር አንድ ካርታ አይደገምበትም፤ አብዛኛውን ጊዜ አራት ሰዎች አብረው ይጫወታሉ፥ እያንዳንዱም በ40 የሕይወት ነጥብ ይጀምራል። ነጥቡ ስለ በዛ፥ ካርታውም ስለማይደጋገም፥ ጨዋታው ይረዝማል፤ ሁሉም ያዘጋጀውን ለማሳየት ጊዜ ያገኛል። በውድድር ላይ ሲፈርዱ የሚውሉት ዳኞች ከሥራቸው ሲያርፉ ይህን የወዳጅነት ጨዋታ ይጫወቱ እንደ ነበር መዘንጋት አይገባም። ሁለቱ መንገዶች በአንድ ሰው ልብ አብረው ሊያድሩ ይችላሉና፥ እንደ ጠላቶች አድርጎ መቍጠር ስሕተት ነው።

ከጨዋታው አዘጋጆች አንዱ የሆነው ማርክ ሮዝዎተርም በ2002 ዓ.ም. ተጫዋቾችን በሦስት ምሳሌያዊ ስሞች ለይቶ ጽፏል። «ቲሚ» ያለው ታላቅ ነገር በገበታው ላይ ሲሆን አይቶ መደነቅን የሚወደውን ነው፤ «ጆኒ» ያለው ማንም ያላሰበውን ጥምረት ፈጥሮ ብልኃቱን መግለጥ የሚሻውን ነው፤ «ስፓይክ» ያለው ደግሞ ችሎታውን በማሸነፍ ማስመስከር የሚፈልገውን ነው። ጨዋታው ለሦስቱም እንዲሆን ተደርጎ ይሠራል። እኛም ይህን አከፋፈል ስንመለከት፥ ከሦስቱ ፍላጎቶች አንዱ እንኳ በራሱ ክፉ እንዳልሆነ እንረዳለን። ክፋትና ደግነት የሚገለጡት ሰው ፍላጎቱን ለመፈጸም በባልንጀራው ላይ በሚያደርገው ነገር ነው።

አንዳንድ ደጋግ ሰዎች ግን «ለማሸነፍ መፈለግ ትዕቢት ነው» ይላሉ። ይህ ሳይለዩ መፍረድ ነው። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ስለ መንፈሳዊ ተጋድሎ ሲያስተምር፥ በሜዳ የሚሮጡትንና ስለ አክሊል የሚደክሙትን ምሳሌ አድርጎ አቅርቧል፤ ሩጫው በራሱ ነውር ቢሆን ኖሮ ለቅዱስ ነገር ምሳሌ ባልሆነም ነበር። በውድድር ትጋት አለ፥ ትዕግሥት አለ፥ ራስን መግዛት አለ። በደንብ ፊት መተካከልም አለ። እርግጥ ነው፥ ሀብታሙ የተሻለ ካርታ ሊገዛ ይችላል፤ ቅን ዳኛ ግን ለካርታው ዋጋ አያደላም። በማጂክ የውድድር ደንብ ተጫዋች መሸነፉን በፈቃዱ ሊቀበል ይችላል፤ ስለዚህ ሽንፈት ገንዘብ ወይም ስጦታ ቢቀበል ግን ይቀጣል። የተገዛ ድል ድል እንዳልሆነ ደንቡ ያውቃል ማለት ነው።

ትዕቢት የሚገባው በሌላ በር ነው። «መልካም አድርጌ ልጫወት» የሚል አሳብ አለ፤ «ባልንጀራዬ ይዋረድልኝ» የሚልም አሳብ አለ። ሁለቱ በውጭ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ፤ ሁለቱም ድልን ይሻሉና። መለያቸው ይህ ነው። ባላጋራው ድንቅ የሆነ አጨዋወት ባሳየ ጊዜ፥ ሊሸነፍ መሆኑን እያወቀ እንኳ የሚያደንቅ ሰው፥ የሚወደው ጨዋታውን ነው። ባላጋራው ደክሞት ወይም ሐሳብ ገብቶት ሲሳሳት ልቡ በደስታ የሚዘል ሰው ግን፥ ከጨዋታው ይልቅ ራሱን ይወዳል። ፊተኛው ቢሸነፍም ተጫውቷል፤ ኋለኛው ቢያሸንፍም ለራሱ ውዳሴ ከንቱ ከመሰብሰብ በቀር ያገኘው የለም።

ነገሩን በግልጥ የሚያሳይ ምሳሌ ከደንቡ እናምጣ። በማጂክ አንዳንድ ካርታ በተወሰነ ጊዜ ለባለቤቱ ጥቅም ይሰጣል፤ ለምሳሌ በተራው መጀመሪያ አንድ የሕይወት ነጥብ ይጨምርለታል። ባለቤቱ ግን ይህን ሊረሳ ይችላል። በውድድር ጊዜ ይህን የማስታወስ ኃላፊነት የባለቤቱ ስለ ሆነ፥ ባላጋራው ዝም ቢል ጥፋት አይቈጠርበትም። ይኸው ሰው ደንብ መፍረሱን እያወቀ ጥቅም ለማግኘት ቢሸሽግ ወይም ዳኛውን ቢዋሽ ግን፥ ይህ ማታለል ነውና ከውድድሩ ይባረራል። አሁን ደግሞ ያንኑ ሰው ጨዋታውን ትናንት ከተማረ ብላቴና ጋር በወዳጅ ቤት እናስቀምጠው። ብላቴናው ነጥቡን ሲረሳ አይቶ ዝም ቢል፥ ያችንም አንዲት ነጥብ ይዞ ቢያሸንፍ ምን እንለዋለን? ዝምታው ያው ዝምታ ነው፤ ምግባሩ ግን ያው አይደለም። በፊተኛው ገበታ ሁለቱም «እያንዳንዱ የራሱን ይጠብቅ» ብለው ተስማምተዋል፤ በኋለኛው ግን ብላቴናው የተቀመጠው ወዳጅ እንደሚያስተምረው አምኖ ነው። ስለዚህ ያ ሰው የበደለው መታመንን ነው።

ዳኞቹም ይህን ልዩነት ያውቃሉ። በመደበኛው የአካባቢ ጨዋታ ላይ የሚፈርድ ዳኛ ከሁሉ አስቀድሞ ስሕተቱን አርሞ ያስተምራል፤ በከፍተኛው ውድድር ላይ ግን ለዚያው ስሕተት በተጻፈው ደንብ መሠረት ቅጣት ይሰጣል። አንድ ሰው በሁለት ቦታ በሁለት መንገድ መፍረዱ አድልዎ አይደለም፤ ሰዎቹ በምን ቃል እንደ ተቀመጡ ማወቁ ነው።

እንግዲህ የወዳጅነትን ጨዋታ ደግሞ እንመልከት። ይህ ጨዋታ የተመሰገነ ነው፤ ሰውን ከሰው ያቀራርባል፥ የተሸነፈውም እየሣቀ ይነሣል። ነገር ግን የራሱ ፈተና አለው። አንደኛው ፈተና ግብዝነት ነው። ብርቱ የሆነውን ጥቅሉን ይዞ ወደ ደካሞች ገበታ የሚመጣ፥ «እኔ እንኳ ለጨዋታ ያህል ነው» እያለ በጥቂት ተራ ሦስቱንም አሸንፎ የሚነሣ ሰው አለ። ይህ ሰው ድልን በመፈለጉ አይነቀፍም፤ የሚነቀፈው ፍላጎቱን በለዘበ ቃል ስለ ሸፈነ ነው። ሁለተኛው ፈተና ንቀት ነው። ተግቶ የሚጫወተውን ሁሉ «ደስታ የማያውቅ» እያለ የሚያፌዝ፥ ስንፍናውን ግን ትሕትና ብሎ የሚጠራ ሰው አለ። ይህም ሰው በጸጥታ ይወዳደራል፤ የሚወዳደረውም በደግነት ነው፥ በዚያም የበላይ ነኝ ይላል።

የወዳጅነት ጨዋታ ብቻውን ልብን እንደማያነጻ በ2024 ዓ.ም. የሆነው ነገር ያስረዳል። የኮማንደርን ደንብ የሚጠብቁት በፈቃዳቸው የሚያገለግሉ ጥቂት ሰዎች ነበሩ። በዚያ ዓመት መስከረም ወር ውስጥ አራት ካርታዎች በጨዋታው እንዳይገቡ ከለከሉ፤ ከእነዚህ ሦስቱ የከፋ ነገር ያመጡት ለባለቤታቸው ገና በመጀመሪያ ተራዎች እጅግ ብዙ ኃይል እየሰጡ ሌሎቹን ወደ ኋላ ስለሚያስቀሩ ነበር። ከካርታዎቹም መካከል አንዱ ብቻውን መቶ ዶላርና ከዚያም በላይ የሚያወጣ ስለ ነበረ፥ የገዙት ሰዎች ገንዘባቸው እንደ ጠፋ ቈጠሩት። ቍጣው እጅግ በረታ፤ በኰሚቴው አባላት ላይ ዛቻ ደረሰባቸው። ከክልከላው በኋላ በሳምንቱ አባላቱ አስተዳደሩን ለኩባንያው አስረከቡ። ሽልማትና ማዕርግ በሌለበት፥ ለወዳጅነት በተፈጠረ ጨዋታ ይህን ያህል ቍጣ ከየት መጣ? መያዣው ከደንቡ ከወጣ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ከልብ ግን አልወጣም ነበር ማለት ነው። ሰው መዝገቡን በገበታው ላይ ካኖረ፥ ጨዋታውን ምንም ብሎ ቢጠራው ልቡ ከመዝገቡ ጋር ነው።

እንዲህ ከሆነ ለጥያቄያችን የምንሰጠው መልስ ምንድን ነው? በደሉ ለማሸነፍ በመጫወት ላይ አይደለም፤ ለመደሰት በመጫወትም ላይ አይደለም። በደሉ ያለው ባልንጀራን በአንድ ቃል ጠርቶ በሌላ አሳብ መቀመጥ ላይ ነው። ሁለት ሰዎች ተስማምተው እስከ መጨረሻ ቢፎካከሩ ማንም አልተበደለም። ሁለት ሰዎች ተስማምተው እየቀለዱ ቢጫወቱ ማንም አልተበደለም። አንዱ ለፉክክር፥ አንዱ ለቀልድ፥ ሳይነጋገሩ ቢቀመጡ ግን፥ አንደኛው ይታለላል፥ ሌላኛውም ይሰለቻል፤ ሁለቱም ተቀያይመው ይነሣሉ።

በአገራችን የገና ዕለት ጨዋታ ሲደረግ ጌታ በሎሌው እንደማይቈጣ የታወቀ ነው። ይህን የሚያውጅ አዋጅ ነጋሪ አያስፈልግም፤ ልማዱን አባትም ልጅም ያውቀዋልና። የማይተዋወቁ ሰዎች በሚገናኙበት ገበታ ግን እንዲህ ያለ የጋራ ልማድ የለም፤ ስለዚህ ልማድ የሚሠራውን ቃል ሊሠራው ይገባል። የኮማንደር ተጫዋቾችም ይህን ተረድተው፥ ከጨዋታው በፊት «ጥቅልህ ምን ያህል ብርቱ ነው? ምን ዓይነት ጨዋታ ትሻለህ?» ብሎ መነጋገርን ልማድ አድርገዋል። ኩባንያውም በ2025 ዓ.ም. ጥቅሎችን በአምስት ደረጃ የሚለይ መመሪያ ለሙከራ አወጣ፤ የመጀመሪያው ደረጃ ለትርኢትና ለቀልድ፥ አምስተኛው ለማሸነፍ ብቻ ለሚጫወቱት ነው። መመሪያው የተዘጋጀው ንግግሩን ለመርዳት እንጂ ንግግሩን ለማስቀረት አይደለም። የሚዋሽ ሰው አምስተኛውን ጥቅል ሁለተኛ ነው ሊል ይችላልና፥ ያለ እውነት ደረጃው ምንም አይጠቅምም። ከአነጋገር ይፈረዳል፥ ከአያያዝ ይቀደዳል የሚባለው በዚህም ቦታ ይሠራል።

«ብርቱው ለደካማው ሲል አውቆ ቢሸነፍለትስ?» የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። አሳቡ ከርኅራኄ የመጣ ነው፤ ነገር ግን በስውር የተሰጠ ድል ውሸት ያለበት ስጦታ ነው። ልጁ በኋላ ባወቀ ጊዜ ያ ድል ይመረዋል፤ ከዚያ ወዲያም እውነተኛውን ድሉን እንኳ ይጠራጠራል። ከዚህ የሚሻል መንገድ አለ። ብዙ ተጫዋቾች ኃይላቸው የተለያየ ሁለት ሦስት ጥቅል ይይዛሉ። ብርቱው ሰው ደካማውን ጥቅል በግልጥ ይምረጥ፤ ከዚያም በዚያ ጥቅል በሙሉ ልቡ ይጫወት። እንዲህ ሲያደርግ ትጥቁን ዝቅ አደረገ እንጂ እውነቱን ዝቅ አላደረገም፤ ልጁም ቢያሸንፍ ያሸነፈው በእውነት ነው።

ስለዚህ ልጁ ካርታ ይዞ ያየው አባት፥ ወይም ስለዚህ ነገር የተጠየቀ የንስሐ አባት፥ ከመፍረዱ በፊት ጥቂት ነገር ይጠይቅ። ለካርታው የምታወጣው ገንዘብ ከየት ነው፥ ልክስ አለው? ከማን ጋር ትጫወታለህ፥ ከመጀመራችሁ በፊትስ ምን ትባባላላችሁ? ከአንተ የሚያንስ ሲገጥምህ ምን ታደርጋለህ? ስትሸነፍስ እንዴት ሆነህ ወደ ቤት ትመለሳለህ? መልሱ ስለ ካርታው ከሚነግረው ይልቅ ስለ ልጁ የሚነግረው ይበዛል። ልጁ ቃሉን የሚጠብቅ፥ በሽንፈቱ የማይቀየም፥ በድሉም ባልንጀራውን የማያሳፍር ከሆነ፥ ጨዋታው አልጐዳውም። ከዚህ የተለየ ሆኖ ቢገኝ ግን ካርታውን ቀምቶ ማቃጠል ብቻውን መድኃኒት አይሆነውም፤ ያው ጠባይ ነገ በገበያ፥ ከነገ ወዲያም በትዳሩና በሹመቱ ይከተለዋልና፥ መታረም ያለበት እርሱ ነው።

ጨዋታ ያልቃል፤ ካርታውም ተሰብስቦ ወደ ሣጥኑ ይገባል። ያሸነፈውና የተሸነፈው በአንድ በር ይወጣሉ። በዚያን ጊዜ የሚቀረው አንዱ ለሌላው የሰጠው ቃልና ቃሉን የጠበቀበት መንገድ ነው። እንግዲህ ለማሸነፍ የሚጫወት በግልጥ ይጫወት፤ ለመደሰት የሚጫወትም በእውነት ይደሰት፤ ሁለቱም ግን ነገ ደግሞ በአንድ ገበታ ሊቀመጡ የሚችሉ ወንድማማች ሆነው ይለያዩ።